የባሮ መርከቦችና የወንዙ ደለል፦ ሞተርን ከሥራ በኋላ ስለ ማጠብ የተደረገ የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ስለ ባሮ ወንዝና ስለ ጋምቤላ ወደብ የተጻፈውን ታሪክ የሚያነብ ሰው፥ የተዋዋሉትን መንግሥታት ስም፥ የወጣውንና የገባውን ዕቃ ዓይነት፥ የነጋዴዎቹንም ወገን በቀላሉ ያገኛል። መርከቡ ጕዞውን ጨርሶ ገመዱን ካሰረ በኋላ ግን በውስጡ ምን ይሠራ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመለከተው የፈለግነው ይህንኑ የተዘነጋ ሥራ፥ ማለት የወንዝ ውሃ በእንፋሎት ማፍያው፥ በሞተሩና በጢሱ መውጫ ውስጥ ትቶት የሚሄደውን ደለል አጥቦ የማውጣትን ሥራ ነው።

ጥያቄአችንም የሚከተለው ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አገር ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በባሮ ላይ በሚመላለስ የእንፋሎት መርከብ ሲጠቀም ኖሮ፥ የጋምቤላ ወደብ ለባለቤቱ ለኢትዮጵያ በተመለሰ ጊዜ መርከቡ ስለ ምን አልቆየለትም? ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። የጎረቤት አገር ጦርነት፥ የመኪና መንገድና የአውሮፕላን መምጣት ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። እኛ ግን በእነዚህ ላይ አንድ ሌላ ልንጨምር እንወዳለን። መርከብ በመነዳት ብቻ አይኖርም፤ በመታጠብና በመጠገንም ይኖራል። ስለዚህ የማጠቡ ዕውቀትና መሣሪያ በሰው አገር ከቀረ፥ ወንዙ የራስ ቢሆንም መርከቡ የራስ አይሆንም።

አገሩና ወንዞቹ

ሚዛን ተፈሪ በቀድሞው የአገር አከፋፈል በከፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ስትሆን፥ በዙሪያዋ ያለው አገር እስከ ቴፒና እስከ በበቃ ድረስ የቡና አገር ነው። ዝናቡ የበዛ፥ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ምንጩና ጅረቱ አይቆጠርም። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገን ግን ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። አኮቦና ጊሎ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ደጋ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይወርዱና ከፒቦር ወንዝ ጋር ይቀላቀላሉ። ባሮ ደግሞ ከእነርሱ በስተ ሰሜን ከብርብርና ከገባ ወንዞች ተሠርቶ በጋምቤላ በኩል ያልፋል። ፒቦርና ባሮ ከተገናኙበት ስፍራ ጀምሮ የወንዙ ስም ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል በስተ ደቡብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። እንግዲህ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ይመጣ የነበረው መርከብ ሶባትን ሲያቋርጥ የሚዛን ተፈሪንና የቴፒን ዝናብ እየቀዘፈ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ውሃ ባዶውን አይወርድም። ከደጋው ቀይ አፈር፥ ከደኑ ቅጠልና ስንጥር፥ ከወንዙም ዳር አሸዋ ይዞ ይወርዳል። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስም የተሸከመውን ማስቀመጥ ይጀምራል። ይህ ሕግ በሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆን፥ ወደ ታች እንደምናየው በሞተር ቱቦ ውስጥም ያው ነው።

መርከብ ወደ ባሮ እንዴት መጣ

በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል በመርከብ ወደ ኢትዮጵያ መውጣት የኤውሮፓ መንግሥታት በላይኛው ዓባይ ላይ ከተሻሙበት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በሰኔ ወር 1890 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር አንድ ክፍል ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ስፍራ ደርሶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ወር የፈረንሳዩ መኮንን ማርሻን ፋሾዳ ገባ። ማርሻን ከምዕራብ አፍሪካ ሲመጣ ፌዴርብ የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ አፈታትቶ በየብስ አሸክሞ ነበር። እንግሊዞች ከበረቱበት በኋላ ፋሾዳን ለቅቆ በ1891 ዓ.ም. በዚህችው መርከብ ሶባትንና ባሮን ተከትሎ ወጣ። ወራቱ በጋ ነበረና መርከቢቱ ከዚያ በላይ መሄድ በተሳናት ጊዜ ትቶአት፥ በየብስ በጎሬ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፖለቲካው ሌላ አንድ ትምህርት አለ። ባሮ መርከብን የሚቀበለው በራሱ ጊዜ እንጂ በመርከበኛው ጊዜ አይደለም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የተፈራረሙት ውል ይህንን የውሃ መንገድ የንግድ መንገድ አደረገው። ውሉ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከ400 ሄክታር የማይበልጥና ወንዙን የሚዋሰንበት ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማያልፍ ስፍራ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅዳል። ስፍራው ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከልክሎአል። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለ ድረስ እንዲሆን ተወሰነ። በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ፤ ጣቢያውም በ1896 ዓ.ም. ተቋቋመ። የጋምቤላን ንግድ እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድረስ ያለውን የታሪክ ሊቁ ባሕሩ ዘውዴ በሰፊው አጥንተውታል።

ከጎሬ፥ ከቡሬና ከሰዮ ቡናው፥ ሰሙና ቆዳው በበቅሎ፥ በአህያና በሰው ጀርባ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። በመመለሻው ጨው፥ አቡጀዲና ሌላም የሸቀጥ ዕቃ ይወጣ ነበር። መርከቦቹ ግን ዓመቱን በሙሉ አይመጡም። ወንዙ የሚሞላው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ስለ ሆነ፥ ሥራቸው ሁሉ በእነዚህ ወራት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የዘንድሮው ቡና በመጋዘን ተቀምጦ የከርሞውን ጎርፍ ይጠብቅ ነበር። ውሃው መጉደል ሲጀምር ያልወጣ መርከብም በአሸዋ ላይ ተቀምጦ ከቡናው ጋር ያንኑ ጎርፍ ይጠብቃል።

ጎርፉና ማፍያው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። መርከቡን የሚያንሳፍፈው ውሃ የክረምት ውሃ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ደለል የሚበዛበትም ውሃ ይኸው የክረምት ውሃ ነው። ወንዙ ንጹሕ ሲሆን መርከብ አይችልም፤ መርከብ ሲችል ንጹሕ አይደለም። በጋምቤላ መንገድ የሠሩ መርከበኞች ሁሉ ከዚህ ችግር ጋር መኖር ግዴታቸው ነበረ።

የእንፋሎት መርከብ እንጨት አንድዶ ውሃ የሚያፈላ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የሚያፈላውንም ውሃ የሚያገኘው ከተንሳፈፈበት ወንዝ ነው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ አፈሩ፥ አሸዋውና የሟሟው ማዕድን ግን በማፍያው ውስጥ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ውሃ በተጨመረ ቁጥር የሚቀረው እየበዛ ይሄዳል። በቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም ነው። በማንቆርቆሪያ ሲሆን ጕዳቱ ሻይ እስኪፈላ መዘግየት ብቻ ነው። በመርከብ ማፍያ ሲሆን ግን ደለሉ በብረቱና በውሃው መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። እሳቱ የሚልሰው ብረት ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ስለማይችል ይግላል፥ ይለሰልሳል፥ ያብጣል፤ የባሰ እንደ ሆነም ይፈነዳል።

ስለዚህ ለማፍያው ሁለት ዓይነት እጥበት ነበረለት። የመጀመሪያው በሥራ ላይ እያለ ከሥር ያለውን መክፈቻ ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ፥ የረጋውን ጭቃ በራሱ በእንፋሎቱ ግፊት ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ሁለተኛው እሳቱ ጠፍቶ፥ ብረቱ ቀስ ብሎ በርዶ፥ ውሃው ሁሉ ከወጣ በኋላ መክፈቻዎቹን ፈትቶ በብዙ ውሃ ማጠብና የተጋገረውን መፋቅ ነው። እዚህ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል ታላቅ ቁም ነገር ነው። ቸኩሎ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የለቀቀ ሠራተኛ ማፍያውን ከማጽዳት ይልቅ ይሰነጥቀዋል። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ስለ ዘመናዊው ሞተር ስንናገር ተመልሶ ይመጣል።

ትልቁ ጥገናና ትልቁ እጥበት የሚደረገው ግን በጋምቤላ አልነበረም። የሱዳን መንግሥት መርከቦች ዋና መሥሪያና መጠገኛ በሰሜን ካርቱም ነበረ። ወንዙ ሲጎድል መርከቦቹ ወደዚያ ይወርዳሉ፤ ክረምት ሲመጣ ታጥበውና ተጠግነው ይመለሳሉ። በጋምቤላ የታየው የዕቃ መጫንና የዕቃ ማራገፍ ሥራ ነው። መርከብን ከዓመት ዓመት የሚያደርሰው ዕውቀት በወንዙ ግርጌ ተቀመጠ፤ በወንዙ ራስጌ ያለው ሕዝብ የመርከቡን ጩኸት ሰማ እንጂ የመርከቡን ሆድ አላየም።

ከ1949 ዓ.ም. በኋላ

ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻ ወጣች። በውሉ መሠረት የኪራዩ ዘመን ስላበቃ፥ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ነገሩ ለአገራችን ክብር ነበረ። ዳሩ ግን ከመሬቱ ጋር በሰሜን ካርቱም ያለው መጠገኛ አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር። በዚያው ዘመን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነት የውሃውን መንገድ አስፈሪ አደረገው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድም የደቡብ ምዕራብን ቡና በዳኮታ አውሮፕላን ማመላለስ ጀምሮ ነበረ፤ ቆይቶም የመኪናው መንገድ ተከተለ። ቡናው ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፥ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ መለሰ።

እነዚህ ምክንያቶች ከባድ ናቸውና ልናቃልላቸው አንሻም። ነገር ግን መኪናው ከመጣበት ጊዜ አንሥቶ ጋራዥ አብሮት እንደ መጣ ልብ ማለት ይገባል። ማርሚታ፥ ፖምፓ፥ ቢዬላ የሚሉት የጣሊያን ቃላት በአማርኛችን ውስጥ የቀሩት የመኪናን ሆድ ከፍቶ የሚያይ ሰው በየከተማው ስለ ተገኘ ነው። መርከብ ግን በቋንቋችን ውስጥ እንዲህ ያለ የሠራተኛ ቃል አልተወልንም ለማለት ይቻላል። ይህም በየትኛው መሣሪያ ላይ እጃችንን እንዳሳረፍንና ከየትኛው እንደ ራቅን ያሳያል።

ከእንፋሎት ወደ ሞተር

የእንፋሎቱ ዘመን ቢያልፍም የወንዙ ደለል አላለፈም። ዛሬ በባሮ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ጀልባዎች ከኋላቸው የሚታሰር ሞተር አላቸው። ይህ ዓይነት ሞተር በሌላውም ትልቅ ወንዛችን ተፈትኖአል። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ የእንግሊዙ መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ቡድን በዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከጀልባዎቹ አንዳንዶቹ የሚነዱት በዚሁ ነበር። ያም ቡድን የሄደው እንደ ጋምቤላ መርከቦች ወንዙ ሞልቶ ባለበት፥ ስለዚህም ውሃው በደፈረሰበት ወራት ነው።

የመኪና ሞተር ሙቀቱን የሚያበርደው በራዲያተር ውስጥ በሚዞር ውሃና በነፋስ ነው። የጀልባ ሞተር ግን በውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ አይሸከምም፤ ከሥሩ ይስብና መልሶ ይተፋል። ከኋላ በሚታሰረው ሞተር እግር ውስጥ የጎማ ክንፍ ያላት ትንሽ ፖምፓ አለች። እርስዋም የወንዙን ውሃ ስባ በሲሊንደሩና በጢሱ መውጫ ዙሪያ ታዞረዋለች። በሞተሩ ጎን እንደ ቀጭን ክር የሚፈስሰው ውሃ የዚህ ምልክት ነው። ክሩ ሲቀጥን ወይም ሲቋረጥ፥ ቱቦው በደለል ተዘግቶአል ወይም ፖምፓዋ በአሸዋ ተበልታለች ማለት ነው።

ከዚህ የተለየው ደግሞ ጄት ጀልባ የሚባለው ነው። የኒውዚላንዱ ተወላጅ ዊልያም ሃሚልተን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ያሠራው፥ በአገሩ ያሉት ጥልቀት የሌላቸው ጠጠራም ወንዞች ሌላውን ጀልባ ስለማያስኬዱ ነው። በ1960 በዚሁ አቆጣጠር የእርሱ ጀልባዎች በአሜሪካ የኮሎራዶን ታላቅ ሸለቆ ሽቅብ ወጡ፤ በ1977ም ኤድመንድ ሂላሪ በጄት ጀልባ የጋንጅስን ወንዝ ከባሕር ጀምሮ ተከትሎ ወጣ። በጀልባው ሥር ውሃ የሚቀዝፍ ነገር ወጥቶ አይታይም። ውስጥ ያለው ኃይለኛ ፖምፓ በወለሉ ካለው ወንፊት ውሃ ስቦ ወደ ኋላ ይወነጭፋል፤ ጀልባውም ወደ ፊት ይሄዳል። ባሮ በበጋ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህ ፍጥረት ለእንዲህ ያለ ወንዝ የታሰበ መሆኑን በቀላሉ ይረዳል። ፌዴርብን ያስቀረውን የበጋ ውሃ ይህ ጀልባ ሊያልፈው ይችል ነበር።

ነገር ግን ጥቅሙ ከዕዳ ጋር ነው። በብዙዎቹ ጄት ጀልባዎች ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ የሚመጣው ጀልባውን ከሚገፋው ከዚያው ፖምፓ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሲሄድ ፖምፓው ከወለሉ አሸዋውን ይጠርጋል፤ የጠረገውም ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ሞተሩ ይገባል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጢስ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚበልጥ፥ የጢሱ መሰብሰቢያ ብረት ሁለት ድርብ ሆኖ ይሠራል። በውስጡ ጢስ፥ በድርቡ መካከል ውሃ ያልፋል። ውሃው ሥራውን ሲጨርስ ከጢሱ ጋር ተቀላቅሎ በማርሚታው በኩል ይወጣል። የማርሚታው ጎማ ሳይቃጠል የሚኖረው በዚህ ውሃ ምክንያት ብቻ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው ይቆማል። ውሃው ሲቆምም የሜዳው ሕግ ይሠራል፤ ደለሉ በድርቡ ግርጌና በጠባቡ መታጠፊያ ይረጋል። ገና ያልበረደው ብረት ያደርቀዋል፤ በማግሥቱ ሌላ ይደረብበታል። ጥቂት ሳምንት ቢቆይ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ሞተሩ የሚግልበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ፖምፓውን ይፈታል፥ ዘይቱን ይለውጣል፤ ችግሩ ግን ከዓይን በተሰወረው በጢሱ መውጫ ድርብ ውስጥ ነው። ገና እርጥብ ሳለ ቢታጠብ ኖሮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበረ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ለመሰለው ነው።

የእጥበቱ ቅደም ተከተል

እጥበቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ስሕተቱ ግን አጥፊ ነው። ጄት ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ወይም ዳር ይዞ፥ የጎማ ቱቦ በማጠቢያው አፍ ላይ ይታሰራል። ከዚያ አስቀድሞ ሞተሩ ይነሣል፤ ወዲያው በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ውሃው ይከፈታል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፥ በማርሚታው የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይቆያል። ሲያበቃ አስቀድሞ ውሃው ይዘጋል፤ ሞተሩ ለጥቂት ሰኮንዶች ሠርቶ የቀረውን ውሃ ከተፋ በኋላ ይጠፋል። በአጭሩ ሞተሩ ቀድሞ ይነሣል፥ ሞተሩ ኋላ ይጠፋል።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ሳይሠራ ውሃ ቢከፈት ውሃውን ወደ ውጭ የሚገፋው ጢስ የለም። ውሃው በማርሚታው ውስጥ ይሞላና ወደ ኋላ ተመልሶ በተከፈተው ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። በዚህ ላይ ሞተሩ ሲነሣ ፒስተኑ እንደ ድንጋይ ከሆነ ውሃ ጋር ይጋጭና ቢዬላውን ያጣምመዋል። ሞተሩ በማጠቢያው ስፍራ፥ ለጥቅሙ ተብሎ በተደረገለት ሥራ ይሞታል።

ከኋላ በሚታሰረው ሞተር ግን ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው። የእርሱ ጢስ መውጫ ቁልቁል የተከፈተ ስለ ሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ አይመለስም። የጎማ ክንፍ ያላት ፖምፓው ግን ያለ ውሃ ስትዞር ተፋቅራ ትቃጠላለች። ስለዚህ ለእርሱ አስቀድሞ ውሃው ይከፈታል፥ ቀጥሎ ሞተሩ ይነሣል። በባሮ ላይ ብዙ ዘመን ከኋላ የሚታሰረውን ሞተር ሲያጥብ የኖረ ትጉህ ሠራተኛ፥ ጄት ጀልባ ቢሰጠውና በለመደው ሥርዓት ቢያጥበው፥ በትጋቱ ምክንያት ያጠፋዋል። ጋለ በተባለው የመርከብ ማፍያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የለቀቀው ሠራተኛ ያጠፋው ጥፋት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያውን መግዛት ብቻ አይበቃም፤ የመሣሪያው የማጠብ ሥርዓት ከምክንያቱ ጋር መማር አለበት። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው መሣሪያው ቢለወጥ ሥርዓቱን ይለውጣል፤ ሥርዓቱን ብቻ የሚያውቅ ግን ከመሣሪያው ጋር ይቆማል።

አንድ መቃወሚያ

አንዳንድ ሰዎች በዘመናችን ይህ ችግር መፍትሔ አግኝቶአል ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ንጹሕ ውሃ በሞተሩ ውስጥ ለብቻው እየዞረ፥ የወንዙ ውሃ ከውጭ ሆኖ እርሱን ብቻ የሚያበርድበት አሠራር አለ። በዚህ አሠራር ሲሊንደሩ ከደለል ይድናል። የወንዙ ውሃ ግን አሁንም በማብረጃው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜም ጢሱን ለማብረድ ወደ ማርሚታው ይገባል። ደለሉ ስፍራውን ለወጠ እንጂ አልቀረም፤ ማጠቡም አልቀረም።

የቡና አገር ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም

ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ ሰው ይህ አሳብ አዲስ ሊሆን አይገባም። እሸት ቡና የሚፈለፍል መሣሪያ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ካልታጠበ፥ በውስጡ የቀረው ገለባና ሙጫ አድሮ ይቦካል፤ የነገውንም ቡና ያበላሻል። ስለዚህ በእሸት ቡና ማጠቢያ ስፍራ ሥራው አለቀ የሚባለው የመጨረሻው ቡና ሲፈለፈል ሳይሆን መሣሪያው ታጥቦ ሲያድር ነው። በየቤቱም ጀበናዋን ከነአተላዋ የምታሳድር እመቤት አትመሰገንም። ያው ልማድ ከቡናው መሣሪያ ወደ ጀልባው ሞተር ቢተላለፍ፥ የሚያስፈልገው አዲስ ባሕርይ ሳይሆን አዲስ ትምህርት ብቻ ነው።

የማጠቢያውስ ንጹሕ ውሃ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያው አገር አለ። ወንዙን ያደፈረሰው ዝናብ መሬት ሳይነካ ንጹሕ ነበረ። በወንዙ ዳር ካለው ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተጠልፎ በበርሜል ቢጠራቀም ለዚህ ሥራ ይሆናል። ዝናብ በሌለበት ወራት የወንዙ ውሃ በበርሜል አድሮ ደለሉ ሲዘቅጥ ከላይ ያለው ጠለል ይቀዳል። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል በደቂቃ 20 ሊትር ቢፈስስለት ለ10 ደቂቃ እጥበት ይበቃል። በርሜሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ፖምፓ ቢጨመርለት ሥራው የተሟላ ነው። ግፊቱ ብዙ እንዲሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም የበዛ ግፊት በጢሱ መውጫ በኩል አደጋ እንዳለው ከላይ ተመልክተናል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ በባሮ መንገድ ላይ መርከቡን የሚያስኬደውና መርከቡን የሚያበላሸው አንድ ውሃ ነው። የ1894 ዓ.ም. ውል ስለ ሄክታርና ስለ ሜትር ተናገረ፤ ማፍያውን ማን እንደሚያጥብ ግን የውል ነገር ስላልሆነ አልተናገረም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ሄክታሩና ሜትሩ ተመለሰልን፤ የማጠቡና የመጠገኑ ዕውቀት ግን በውል የሚመለስ ስላልሆነ በነበረበት ቀረ።

በባሮ፥ በአኮቦና በጊሎ ላይ ጀልባ እንዲበዛ የሚመኙ ሰዎች ምኞታቸው መልካም ነው። እኛ የምንለው ከጀልባው ግዢ አስቀድሞ፥ ቢያንስም ከእርሱ ጋር፥ የማጠቢያው መደብ ይሠራ፥ በርሜሉ ይቀመጥ፥ ለእያንዳንዱ ሞተር የሚገባው ሥርዓት ከነምክንያቱ በሠራተኛው ቋንቋ ይጻፍና በግድግዳው ላይ ይሰቀል ነው። በጋምቤላም ሆነ በኢታንግ የድሮውን መርከብ ያዩ፥ ወይም ካዩት የሰሙ ሽማግሌዎች በሚገኙበት ጊዜ፥ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ጭነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ማፍያው እጥበትም እንዲጠይቁአቸው አደራ እንላለን። የወንዝ ንግድ ታሪክ በወደቡ ላይ ብቻ አልተሠራም፤ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ በጭስና በጭቃ መካከል አጎንብሰው በሠሩ ሰዎች እጅም ተሠርቶአል።